ሽማግሌ የማይገባበት ቤት

በአገራችን ከባሏ የተጣላች ሚስት የምትጠጋበት ቤት ከጥንትም አልጠፋም። ነጠላዋን ደርባ፣ ጡት ያልጣለ ልጅ ካላት አዝላ፣ ወደ እናት አባቷ ትሄዳለች፤ «አኩርፋ መጣች» ይባላል። ጥቂት ቀን ትሰነብታለች። እናት ታባብላታለች፣ ጎረቤት እያየ እንዳላየ ያልፋል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «አንቀመጥም» ብለው ቆመው ይለምናሉ፣ ባል «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል፣ አባት ተቆጥቶ ተቆጥቶ በመጨረሻ ይመርቃል፣ እርሷም በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። ይህን የማነሣው ሥርዓቱን ለማጣጣል አይደለም፤ በአፍ እላፊ ሊፈርስ የነበረ ስንትና ስንት ትዳር አድኗል። ችግሩ ጥርሷ ወልቆ፣ ክንዷ ተሰብሮ የመጣችውንም ሴት የሚያስተናግዳት በዚያው ልመናና በዚያው ምርቃት መሆኑ ነው።

ከጥቃት ያመለጡ ሴቶች ብቻ የሚኖሩባቸው መጠለያዎች ምን እንደሚሰጡ ለመረዳት ከዚህ መነሣት ይሻላል እላለሁ። በእናት ቤት አልጋ አለ፣ እህል አለ፣ ፍቅርም አለ። ነገር ግን እርሷ ወደ ባሏ ብትመለስ የማይቀልለው ሰው በዚያ ቤት የለም። አባት ለስሙ ይጨነቃል፤ ወንድም እርሷን ከነልጆቿ መቀለቡ ይከብደዋል፤ ታናሽ እህት «የፈት እህት» ተብላ ፈላጊ እንዳታጣ ትሰጋለች፤ ለሽማግሌው ማስታረቅ ክብሩ ነው። ሁሉም ይወዷታል፣ ሁሉም ደግሞ ብትመለስ እፎይ ይላሉ። መጠለያው ይህ ሁሉ የዝምድና ስሌት በር ላይ የሚቀርበት ቦታ ነው። ሴቲቱ ብትመለስም ባትመለስም የሚያተርፍም የሚከስርም ሰው ስለሌለ፣ ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሷ የምትፈልገውን ለማሰብ ጊዜ ታገኛለች።

ለጥቂት ዓመታት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሴቶች መጠለያ ፊደልና ንባብ አስተምር ነበር። ቤቱን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም፤ የሴቶቹንም ነገር ማንነታቸው እንዳይለይ አንዱን ከሌላው እያቀላቀልሁ ነው የምጽፈው። ቤቱ ከውጭ ሲታይ ከጎረቤቶቹ አይለይም፤ በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። ከውስጥ ልብስ የተሰጣበት ግቢ፣ ተደራራቢ አልጋዎች፣ የልብስ ስፌት መኪናዎች፣ በየቀኑ ተራ የሚያዝበት ወጥ ቤት አለ። የፍርድ ቤቱን ጉዳይ የምትከታተለው የሕግ ባለሙያ፣ የምክር አገልግሎት የምትሰጠው፣ ነርሷ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት የቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ዘበኛው ወንድ ቢሆንም ከበሩ ክፍል ወዲህ አይዘልቅም። ስለዚህ ቤት ለሰው በነገርሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለምን ሴቶች ብቻ? ሁሉም ወንድ እኮ አይማታም።» ጥያቄው ከክፋት የመጣ ስላልሆነ፣ በአንድ ቃል መልሼ ላልፈው አልወደድሁም።

አንድ ቅዳሜ ቧንቧ ተበላሽቶ ሠሪ ተጠራ። የመጣው ወጣት ጨዋ ልጅ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጠ፣ እትዬ እየመራችው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። እኔ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ነበርሁ፤ አንዲቱ ተማሪዬ ጮክ ብላ ታነብብ ነበር። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። አጠገቧ ያለችው ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ሌላዋ ማንም ሳያዝዛት ተነሥታ ለልጁ ውኃ ልታመጣለት ሄደች። ከሁሉ ታናሿ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ልጁ መሣሪያውን ሰብስቦ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በመኪና የሄደ ሰው የማያየውን አቧራ እግረኛው እንደሚውጠው፣ እርሱ በመግባት በመውጣቱ ምን እንደተነሣ ሊያውቅ አይችልም። ክፍሉ ወደ ቀድሞው ጨዋታ የተመለሰው ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ አልፎ፣ ቶናው ከተቀዳ በኋላ ነው።

«ለምን ሴቶች ብቻ» ለሚለው መልሴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወንድ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሴት ምን እንደምታደርግ ከልጅነቷ ተምራለች፤ መቀመጫ ትለቃለች፣ ድምፅዋን ትቀንሳለች፣ ልብሷን ታስተካክላለች፣ ፊቱን አይታ የዛሬ ጠባዩን ትገምታለች። ተደብድባ በኖረች ሴት ላይ ይህ ግምት ሥራ ሆኗል፤ የበሩ ማንኳኳት፣ የጫማው ኮቴ፣ የቁልፉ አጣጣል ሁሉ ይነበባል። እንዲህ ያለችን ሴት «ይሄኛው ደግ ነው» ብሎ ማረጋጋት አይቻልም፤ ደግነቱን ለማረጋገጥ ራሱ መጠበቅ አለባት። ማንንም የማትጠብቅበት ቦታ ስታገኝ ግን ሰውነቷ ቀስ በቀስ ይላላል። እንቅልፍ ይመለሳል። ቁጭ ብላ መብላት ትጀምራለች። መጀመሪያ እንደመጡ ቆመው፣ ወይም በር በር እያዩ የሚበሉ ሴቶችን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህ ልማድ የሚለቅቃቸው ምክር ተሰጥቷቸው አልነበረም፣ ሳያውቁት ነው።

ስለ ሹሩባው ልናገር። አንዲት ሴት ነበረች፣ ፀጉሯን ተይዛ በወለል ላይ የተጎተተች፤ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ራሷ ተመልጦ ነበር። ሻሿን ለሳምንታት አላወለቀችም። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ሹሩባ መሥራት ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቅ አንዲት ወይዘሮ አለች፤ እሑድ እሑድ ሴቶቹ ተራ ይዘው በጉልበቷ መካከል ይቀመጡላታል። ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ «ልሥራሽ?» አለቻት፣ እምቢ ስትላት ዳግመኛ አላነሣችውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ባለሻሿ ራሷ ሚዶና ቅባት ይዛ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሠሪዋ ጉንጉኑን የጀመረችው ከማዶ፣ ከደኅናው በኩል ነው። በየመካከሉ «ተይ» ትላለች፣ እጁ ያቆማል፤ «እሺ ቀጥዪ» ትላለች፣ እጁ ይቀጥላል። ሌላ ጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሹሩባ ያን ዕለት እስኪመሽ ቆየ፣ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እያየ እንዳላየ ሆነ፤ ይህኛው «እያየ እንዳላየ» ከጎረቤቱ የተለየ ነበር።

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን ከጥቃት ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፍላ ታስቀምጠዋለች፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻ ወደ ሰው መመለስ። ኃይሏን የተነጠቀች ሴት የመፈወሷ መሠረት ያንኑ ኃይል መልሳ በእጇ ማስገባቷ እንደሆነም ታስረዳለች። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ያን የእሑድ ከሰዓት ካየሁ በኋላ ግን «ደኅንነት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። «ተይ» ስትባል የምታቆም እጅ በዓለም ላይ መኖሯን ሰውነት ማመን አለበት። ያን ሳያምን የሆነውን እንድትናገር መጎትጎት፣ ፖሊስም ይሁን ዘመድ ቢያደርገው፣ ሌላ መጎተት ነው።

አሁን ሌላውን ጎን ሳልሸፋፍን ልንገር። ሴቶች ብቻ መሆናቸው በራሱ ደኅንነት አያመጣም። «ቻይው» የሚለውን ቃል ከማን ነው የሰማነው? ከእናት፣ ከአማት፣ ቡና ከሚያጣጡን ጎረቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር አንዳንዱ «ራሳቸው ወደውት» ለማለት ይጠቅሰዋል፤ እኔ የማነብበው መውጫ የሌለው ሰው ያለበትን እንዴት ትክክል ነው እያለ እንደሚኖርበት ነው። ቀደም ሲልም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ካዩት ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከባላቸው ወይም ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር፤ ጥናቱ ከዳሰሳቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው። ከአሥር ሰባቱ በቀመሱት ነገር ላይ «ቻይው» መባሉ አይገርምም። በሰፈሩ ቡና ላይ የተቀመጡት ሁሉ የቻሉ ናቸውና።

ከዐረብ አገር የተመለሱት ደግሞ የበለጠ ያስተምሩናል። ፓስፖርታቸውን የቀማቻቸው፣ በር የቆለፈችባቸው፣ ምግብ የከለከለቻቸው ብዙ ጊዜ ማዳም ናት፤ ሴት ናት። ስለዚህ እነርሱ ወደ መጠለያ ሲገቡ የሚፈሩት ዘበኛውን ብቻ ሳይሆን ቁልፍ የያዘችውን እትዬንም ነው። አንዲት ከቤሩት የተመለሰች ልጅ ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ለመጠጣት ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ቢነገራትም ለብዙ ጊዜ መጠየቋን አልተወችም። በዚያው በቤሩት እ.ኤ.አ. በ2017 በባንቺ ይመር አነሣሽነት በኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር በስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል። በ2020 ክረምት መግቢያ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላው ደጃፍ ሲጥሏቸው፣ መጠጊያና ምግብ ለመፈለግ ከተሯሯጡት መካከል እነዚህ ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴቶች ይገኙበታል። የደረሰባትን ያየ ሰው በሩን ሲከፍትላት፣ ሴቲቱ ለማስረዳት የምታጠፋው ጉልበት ይቀርላታል። በመጠለያ ውስጥም ያየሁት ይህንኑ ነው። አዲስ የመጣችዋን «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የቆዩት ሁሉ መልሱን ያውቁታል።

ቡናው ራሱ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ቺስዊክ ኤሪን ፒዚ የከፈተችው ቤት፣ ለዛሬዎቹ መጠለያዎች አርአያ የሆነው፣ ሲጀመር የሰፈር ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚገናኙበት ቦታ ነበር፤ የተደበደቡ ሴቶች እየመጡ ወደ ቤታችን አንመለስም ሲሉ ነው መኖሪያ የሆነው። በእኛም አገር መንገዱ እምብዛም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የመጠለያ አገልግሎት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ጠበቃ ያነጋገረች ሴት ማታ የምትገባው ከከሰሰችው ሰው ጋር ከሆነ ክሱ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያው ሌሊት ነው።

«ቤት ያፈርሳሉ» የሚለውን ወቀሳ በተመለከተ፣ ካየሁት ተነሥቼ ብዙ አልልም። ወደ ባሎቻቸው የተመለሱ ሴቶች አሉ። እትዬ አንዲቱን ስትሸኝ፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ሰጥታ፣ ስልክ ቁጥሩን በቃሏ አስጠንታ፣ «በሩን ታውቂዋለሽ» ብቻ ነው ያለቻት። እኔ በልቤ ተቆጥቼ ነበር። እትዬ ግን ማንም እንድትቆይ የሚገፋት ከሆነ ቤታችን ከሽማግሌው በምን ይለያል የሚል ሰው ናት።

የማያረካኝ መልስ ያለው ስለ ወንድ ልጆች ነው። ብዙ መጠለያዎች ሕፃናትን ከእናታቸው ጋር ይቀበላሉ፤ ወንድ ልጅ ከፍ ካለ ግን ከተደራረቡ አልጋዎች መካከል ቦታ አይኖረውም፣ ጢም ማብቀል የጀመረ ልጅ በመተላለፊያው ቢያልፍ ያቺ ጀርባዋን ለግድግዳ የሰጠችው ልጅ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ። በሌላ በኩል ያ ልጅ እናቱን ለማስጣል መካከል የገባና የተመታ ሊሆን ይችላል፤ እናቱም እርሱን ትታ ከምትሄድ ብትሞት ትመርጣለች። ልጇን ዘመድ ጋ አስቀምጣ ገብታ፣ ሌሊት ሌሊት ስለ እርሱ ስታለቅስ የኖረች ሴት አውቃለሁ፤ በመጨረሻ የወጣችው ስለ እርሱ ነው። ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ቤት አስፈላጊ ነው ብዬ በሙሉ ልብ የምከራከር ሰው ይህን ጉዳት «ግድ ነው» ብዬ ማለፍ አልችልም። እናቶች ከወጣት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር በር ዘግተው የሚያድሩበት የተለየ ክፍል ወይም ቤት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡም አሁን ላሉት አልጋዎች እንኳ አይበቃም።

ስለ ገንዘቡና ስለ ሕጉ ካነሣሁ አይቀር፣ ታሪኩን ማስታወስ ይገባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያስገድድ ነበር፤ ፍቺውንም የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ የመፋታት ውሳኔን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲያስቀጣ ደነገገ። ከዚያ በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ማኅበር የመሳሰሉት ክንፋቸው ተሰበረ፣ አዋጁ እስከተተካበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስም እንዲሁ ቆዩ። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ አለመኖሩ ነው። ተደብዳቢዋ በቤቷ ስትቆይ ደብዳቢው ለጊዜው ከቤት ይውጣ የሚል ፈጣን የፍርድ ቤት ትእዛዝ የማግኛ መንገድ ስለሌላት፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት፣ ራሷን ከሥራዋ ነቅላ የምትደበቀው እርሷ ናት። እርሱ በሰፈሩ ሻይ ይጠጣል። መጠለያው ስለዚህ የሕጉንም ጉድለት ተሸክሞ ነው የሚሠራው፤ አንዳንዷ ሴት ግቢው ውስጥ ሆና «የታሰርሁት እኔ ነኝ» ስትል የምመልስላት ነገር አጥቻለሁ።

መጠለያው መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ ስላልሆነ መውጣት ይመጣል። ስፌት ወይም ምግብ ዝግጅት ተምራ፣ ጥቂት መነሻ ገንዘብ ይዛ የምትወጣ ሴት የመጀመሪያ ፈተናዋ አከራይ ነው። «ባልሽ የት ነው?» ይሏታል። «ሞቷል» ላለች ያከራዩአታል፤ «ተፋተናል» ያለች ግን ዘመድ አምጪ ትባላለች፤ «ከእርሱ አምልጬ ነው» ያለችማ ጭራሽ በሩ ይዘጋባታል፣ ነገ መጥቶ ደጃችንን ያምሳል ተብሎ። ስለዚህ አንዳንዶቹ በቤቱ የጀመሩትን ኑሮ በውጭም ይዘውት ይወጣሉ። ሦስት ተማሪዎቼ አንድ ሰፊ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ በመጋረጃ ከፋፍለው፣ ልጆቻቸውን በተራ እየጠበቁ ይኖራሉ፤ አንዷ ጠዋት እንጀራ ትጋግራለች፣ ሁለቱ በፈረቃ ልብስ ፋብሪካ ይሠራሉ። ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያቺ ድምፅዋ የጠፋባት ተማሪዬ የኪራይ ውሉን አውጥታ እየጮኸች አነበበችልኝ፤ ሁለት ቃል ብቻ ተሳሳተች። አከራይዋ በመጀመሪያው ወር «ወንድ የማይገባበት ቤት ሰላም አለው» ብላ አመስግናቸው ነበር አሉኝ፤ በሦስተኛው ወር ግን ኪራይ ጨመረችባቸው።